ቀዝቃዛ ድራፍት ከበሩ ስር ገባ፦ ብዙ ትርጉም ያላቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት በምን ትይዟቸዋላችሁ?

የጉለሌው

ሰላም ለዚህ ቤት። ትናንት ማታ የደረሰብኝን ልንገራችሁና መጀመሪያ ሳቁብኝ። ከዚያ ግን እርዱኝ።

ለውጭ የትምህርት ዕድል የሚጠየቀውን የእንግሊዝኛ ፈተና ልወስድ ሦስት ወር ቀርቶኛል። ንባብ እየተለማመድኩ አንድ ታሪክ ላይ ደረስኩ። አንዲት አሮጊት በብርድ ማታ ብቻቸውን እሳት ዳር ተቀምጠዋል። ቀጥሎ «ኤ ኮልድ ድራፍት ኬም ኢን አንደር ዘ ዶር» ይላል። ለኔ የገባኝ፣ ቀዝቃዛ ድራፍት ከበሩ ስር ገባ። ብርጭቆ በምን ተአምር በበር ስር እንደሚያልፍ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። በኋላ፣ ደጅ ላይ ተደፍቶ እየፈሰሰ ነው ብዬ ገመትኩ። ጥያቄው «አሮጊቷ ሻርፓቸውን ለምን ሰበሰቡ?» ነው። እኔ «እንዳይረጥብባቸው» የሚለውን መረጥኩ።

መዝገበ ቃላት ስከፍት ጉድ ነው። ድራፍት በስንጥቅ የሚገባ ነፋስ ነው። የጽሑፍ ረቂቅ ነው። ወጣት ለጦር መመልመልም ነው። የባንክ ማዘዣም ነው። ቢራውም አለበት። ዝርዝሩን ደብተር ላይ ጻፍኩ፣ ሃያ ጊዜ ደጋገምኩት። ጠዋት ስነሳ የቀረኝ ቢራው ብቻ ነው።

እንዲህ ዓይነት ቃል አንድ ሁለት ቢሆን ግድ አልነበረኝም። እናንተ በምን ዘዴ ነው የምትይዙት? «ብዙ አንብብ» እንዳትሉኝ ብቻ። እሱን አባቴም በየቀኑ ይለኛል።

ቀበና 12

ብዙ አንብብ።

የጉለሌው

አባዬ፣ እዚህም መጣህ?

ቲቸር ጽጌ

የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው። የሳትከው ዝርዝሩን ስትጽፍ ነው የኔ ልጅ። አምስት ትርጉም አየህና አምስት የተለያየ ዕቃ ልትሸከም ተነሳህ። ማንም ይጥለዋል።

ድራፍት አንድ ነገር ነው። መሳብ ነው። «ድሮው» ከሚለው ግስ ጋር ዘመድ ነው፤ እሱም ከሥሩ ጎተተ፣ ሳበ ማለት ነው። አሁን ቀስ ብለህ ተከተለኝ። ቢራው ከበርሜል ይሳባል። ነፋሱን ቤቱ በስንጥቁ ይስበዋል። ወጣቱን ጦሩ ከእናቱ ጓዳ ስቦ ያወጣዋል። ገንዘቡ በማዘዣው ከሂሳብ ይሳባል። ረቂቁስ ትለኝ ይሆናል። «ድሮው» መሳልም ነው አይደል? እርሳሱን ወረቀት ላይ ሳብ ስታደርገው መስመር ይወጣል። የመጀመሪያው ንድፍ ከዚያ ስሙን አገኘ።

ሁለተኛው ምክሬ፣ ቢራውን አትናቀው። አማርኛ ከእንግሊዝኛ ቃል ሲዋስ ብዙ ጊዜ አንዷን ትርጉም ብቻ መርጦ ነው የሚያመጣው። ድራፍት ብሎ ቢራውን፣ ቻርጅ ብሎ ስልኩን። ተማሪዎቼ ይህን እንደ ጠላት ያዩታል። «ቲቸር፣ አማርኛው አሳሳተን» ይሉኛል። እኔ ግን ችካል ነው የምለው። ያቺ ትርጉም ከአእምሮህ አትነቀልም። እንግዲህ ሌሎቹን ጎትተህ እሷ ላይ እሰራቸው።

ቻርጅን ውሰድ። ሥሩ በላቲን ጋሪ ላይ ከመጫን የመጣ ነው። «ካር» እና «ካርጎ» ዘመዶቹ ናቸው። ስለዚህ በአማርኛ «ጫነ» በለው። ስልኩ ላይ ኤሌክትሪክ ትጭናለህ። ነጋዴው ዕቃው ላይ ዋጋ ይጭናል። ዐቃቤ ሕግ ሰውየው ላይ ክስ ይጭናል። «ኢን ቻርጅ» የተባለው ሰው ደግሞ ኃላፊነት የተጫነበት ነው። ፊቱን ስታየው እውነት መሆኑ ይገባሃል።

ኮተቤ ኮደር

መምህርት፣ በጣም አከብርዎታለሁ፤ ግን ይህ ነገር ሲያምር ያታልላል። ቻርጅ ማለት ሮጦ ማጥቃትም ነው። በሬው ቻርጅ አደረገ ሲባል ማን ላይ ምን ጫነ?

ደግሞ ከባዱን ቃል አላነሱትም። «ራን» የሚለው ግስ ብቻውን የኦክስፎርዱ ትልቁ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ሲቆጥሩት 645 ትርጉም ወጥቶለታል። ሰው ይሮጣል፣ ማሽን ይሠራል፣ አፍንጫ ይፈሳል፣ ድርጅት ይመራል፣ ለምርጫ ይወዳደራል። ለ645ቱ ሁሉ ሥር ሲፈልጉ ልጁ ፈተናው ያልፈዋል።

የኔ ዘዴ ካርድ ነው። ስልክህ ላይ አንኪ የሚባለውን የካርድ መተግበሪያ ጫን። ለአንድሮይድ በነፃ ይገኛል፤ አንኪ ራሱ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። አንድ ትርጉም አንድ ካርድ። ያወቅከውን እያራቀ፣ የሳትከውን እያቀረበ ይጠይቅሃል። አለቀ።

ቲቸር ጽጌ

በሬውስ ሙሉ ክብደቱን ይዞ ሊጫንህ እኮ ነው የሚመጣው። ካልተዋጠልህ ዝለለው፣ አልጣላህም። ሥሩ ዘጠኙን ካስያዘህ አሥረኛውን በቃልህ ብትይዝ ምን አለበት?

645ቱን ግን አታስፈራራበት። የኛን «በላ» ቁጠራት እስቲ። ምሳ በላ። የመንግሥት ገንዘብ በላ። ብረቱን ዝገት በላው። ቤቱን እሳት በላው። መኪናዋ ቤንዚን ትበላለች። ስብሰባው ቀኔን በላው። ዳማ ላይ ጠጠር በላ። ስልኩ ካርዴን በላብኝ። ይህን ማን በዝርዝር አስተማረህ? አንዷን በደንብ አወቅካት፣ ሌሎቹ እየተከተሏት መጡ።

ቀበና 12

መምህርት፣ «ብዙ አንብብ» ነው እኮ የሚሉት።

የዋሸራው

እኔ የቅኔ ቤት ሰው ነኝ። እንግሊዝኛዬ እንደናንተ አይደለም፤ ነገሩ ግን የኔ ሰፈር ነውና ልግባ።

ሁለታችሁም የተለያየ ነገር ይዛችሁ ነው የምትከራከሩት። ህብረ ቃል ስንማር መምህራችን ሁለቱን እንድንለይ ያደርጉን ነበር። ሰምና ወርቁ በአንድ ቃል ያድራሉ። ግን አንዳንዱ ቃል አንድ ልብ ኖሮት ብዙ ቦታ የሚሠራ ነው፤ መምህርት እንዳሉት «በላ» እንዲህ ነው። ሌላው ደግሞ ጭራሽ የማይተዋወቁ ቃላት አንድ ልብስ ለብሰው ነው።

ይህን አንብቡ፦ «ሰዓሊው ቤቱ ሳለ፣ ሳለ፣ ቢላዋ ሳለ፣ ሥዕል ሳለ።» አራት ሳለ። የመጀመሪያው ጠብቆ ይነበባል፤ እያለ ማለት ነው። ሦስቱ ይላላሉ፤ አሳለው፣ ስለት አወጣለት፣ ቀለም ቀባ። የላሉትን ሦስቱን ሥር ፈልጋችሁ አታገናኟቸውም። በግዕዙ የሳሉ በእሳቱ ሰ «ሰዐለ»፣ የሥዕሉ በንጉሡ ሠ «ሠዐለ»፣ የስለቱ ደግሞ «ሰሐለ» ነበሩ። አማርኛ ጉሮሮውን ሲያለሰልስ አንድ ሆነው ቁጭ አሉ።

እንግሊዝኛም ሰው የሚናገረው ነውና ሁለቱም ዓይነት ይኖሩታል። መጀመሪያ የቱ እንደሆነ ለዩ። አንድ ልብ ካለው ልቡን ያዙ። ልብሱ ብቻ ከሆነ ያመሳሰለው ተረት ፍጠሩለት።

አንድ ነገር ልጨምርና ልውጣ። «አለ» ብዬ ብጽፍላችሁ «ተናገረ» ነው ወይስ «ይገኛል»? «ገና» ብል በዓሉ ነው ወይስ አልደረሰም? ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። እኛ ግን ጋዜጣ ስናነብ አንደናቀፍም፤ ዙሪያውን አይተን እንፈታዋለን። ይህን ዓይን ይዘን እንግሊዝኛ ላይ ስንደርስ እንደ ዕውር የምንሆነው ለምንድን ነው?

የጉለሌው

የዋሸራው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ለእህቴ አነበብኩላት፤ «ሰውየውን ሐኪም ቤት ውሰዱት» አለችኝ።

እና ልብሱ ብቻ የተመሳሰለ እንግሊዝኛ የትኛው ነው?

ኮተቤ ኮደር

እዚህ ላይ እኔም የምለው አለኝ። «ማች» ግጥሚያም ነው፣ ክብሪትም ነው። ሁለቱ በዘር አይገናኙም። ግጥሚያው ጓደኛ፣ አቻ ከሚል ጥንታዊ ቃል ነው፤ ክብሪቱ የመብራት ክር ከሚል በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ። «ባት» የሌሊት ወፍም ናት፣ የመምቻ ዱላም። አይገናኙም። «ላይት» ብርሃንም ነው፣ ያልከበደም። አይገናኙም። «ቤር» ድብም ነው፣ ተሸከመም።

እንዲህ ላሉት ከካርድ በፊት አንድ የቆየ ዘዴ አለ። ሪቻርድ አትኪንሰን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረባው ጋር በ1975 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሙከራ አለ። ተማሪዎች 120 የሩሲያ ቃላት እንዲይዙ ተደረገ። ግማሾቹ እንደፈለጉ አጠኑ። ሌሎቹ ለእያንዳንዱ የሩሲያ ቃል ድምፁ የሚመሳሰል የእንግሊዝኛ ቃል ተሰጣቸውና ሁለቱን የሚያገናኝ ሥዕል በጭንቅላታቸው እንዲሥሉ ተነገራቸው። ሲፈተኑ በሥዕሉ ያጠኑት 72 በመቶ፣ ሌሎቹ 46 በመቶ አገኙ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሳይታሰብ ሲጠየቁ ሁለቱም ቀንሰዋል፤ 43 ለ28። ልብ በሉ፣ ሥዕሉም ቢሆን ካልተደገመ ይረሳል። ካርዱ ያስፈለገኝ ለዚህ ነው።

ወደ አማርኛ ሳመጣው እንዲህ ሆነልኝ። «ባት»ን የራሳችን ባት ላይ አስቀመጥኩት። የሌሊት ወፍ የሰውየው ባት ላይ አረፈች፣ ሊመታት ዱላ አነሳ፣ የገዛ ባቱን አገኘው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረስቼው አላውቅም። «ቤር» ላይ በሬ አለ። በሬ ቀንበር ይሸከማል፤ ድቧ መጥታ በሬውን ከነቀንበሩ ተሸክማ ሄደች። «ማች» ደግሞ ሟች ነው። ሟች ግጥሚያ ሊያይ ገብቶ በደስታ ክብሪት ሲጭር ነው የሞተው። ነፍስ ይማር።

የጉለሌው

የማን ደጋፊ ነበር?

ኮተቤ ኮደር

እሱን ከነገርኩህ ክሩ ይዘጋብናል።

ቲቸር ጽጌ

ኮደር፣ ይሄን አደነቅሁ። «ላይት»ን ግን እኔ ልጨምርልህ፤ «ላይ» አለበት እኮ። ብርሃን ከላይ ይመጣል፤ ቀላል ነገር ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ነገ ክፍል ውስጥ እሞክራታለሁ።

ከድራፍቱ ጋር እንዳታደባልቁት ብቻ። የድራፍቱ እውነተኛ ዝምድና ነው፤ ይሄ የፈጠራ ነው። ተማሪ «ላይት ከአማርኛ የመጣ ነው» ብሎ ፈተና ላይ እንዳይጽፍልኝ።

የሜሪላንዷ

የዚህ ክር ዝምተኛ አንባቢ ነበርኩ፤ «ስፕሪንግ» ሳይነሳ ሊያልፍ ሲል አላስቻለኝም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። እዚህ ሐበሻው ብዙ ነው፣ እንጀራ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። ስመጣ አንዲት ዘመዴ የሰፈሩን ስም «የብር ጸደይ ማለት ነው» አለችኝ። ደስ የሚል ስም ነው ብዬ ለእናቴም በስልክ ነገርኩ። እናቴ «ብር በወቅት የሚዘንብበት ነው?» አለችኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ እንደዚያ አምኜ ኖርኩ።

አንድ ቀን ባቡር ጣቢያው አካባቢ ወዳለች ትንሽ መናፈሻ ልጄን ይዤ ገባሁ። የተጻፈውን ልጄ አነበበልኝ። በ1840 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስ ብሌር የሚባል ሰው እዚህ ውሃ ሲፈልቅ አገኘ። ውሃው ውስጥ ሚካ የሚባል የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ፍርፋሪ ስለነበር እንደ ብር ያብለጨልጭ ነበር። ስሙ ከዚያ መጣ። ጸደይ አይደለም። ምንጭ ነው! የብር ምንጭ።

ለእናቴ ደውዬ አስተካከልኩ። «በፊትም ጸደዩ አላሳመነኝም ነበር፤ ምንጭ ከሆነ ግን ለምን አትልኪልንም?» አለችኝ። የኛው «ብር» ማዕድኑም ገንዘቡም መሆኑ እኔ ላይ ተፈረደ።

ቲቸር ጽጌ

እህቴ፣ ይህን ታሪክ ከልጆቹ ፊት ብትነግሪልኝ ደስ ባለኝ። «ስፕሪንግ» አንድ ልብ ካላቸው ቃላት ዋናው ነው። ሥሩ ዘለለ፣ ተፈናጥሮ ወጣ ነው። ውሃ ከመሬት ተፈናጥሮ ሲወጣ ምንጭ። ቡቃያው ከአፈር ብቅ ሲል ጸደይ። አንበሳው ሲፈናጠር ያው ግሱ ራሱ። የታመቀው ሽቦ ሲለቁት ተፈናጥሮ ሲመለስ ደግሞ የመኪናው… የመኪናውን ስሙን አላውቀውም፣ የሚያውቅ ይንገረኝ።

ጋራዥ ተክለሃይማኖት

ሞላ ነው የሚባለው መምህርት። ከጣልያን የቀረን ነው፣ እንደ ፍሬን እንደ ካምቢዮ። ቅጠል ቅጠሉ ተደራርቦ የሚሠራው ደግሞ ባሌስትራ ይባላል። እሱም የጣልያን ነው።

በዚህ ቃል የደረሰብኝን እኔም ላውጋችሁ። ለአንድ አይሱዙ ባሌስትራ ከውጭ ልናስመጣ ነው። የዕቃው ዝርዝር በእንግሊዝኛ ነው፣ «ሊፍ ስፕሪንግ» ይላል። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ተርጉምልኝ አልኩት። ስልኩን ነካ ነካ አደረገና «የቅጠል ጸደይ» አለኝ። ጋሼ፣ ይሄ የአትክልት ነው፣ ተሳስተሃል አለኝ እንጂ! እኔም የተማረ ነው ብዬ አመንኩት። ለሻጩ ደውዬ የላከልኝ ዝርዝር የአበባ እርሻ ነው ብዬ ተጨቃጨቅኩ። ሰውየው እስካሁን ሲያገኘኝ «አበባው እንዴት ነው?» ይለኛል።

ሞላስ ቢሆን በአማርኛ መቼ ብቸኛ ሆነ። «ታንከሩ ሞላ?» ስል ረዳቴ የታችኛውን ሞላ ሊያይ ገብቶ ያውቃል። ስሙም ሞላ ነው።

የጉለሌው

ጋሼ ሞቼልዎታለሁ። ሞላ ሞላውን ሊያይ ገባ፤ ታንከሩ ግን ሞላ። ይሄ ለየዋሸራው ይሰጥ።

የዋሸራው

ተቀብያለሁ።

ከነታንያ

ሰላም ከእስራኤል። የሜሪላንዷን ምንጭ ሳነብ ዕብራይስጡ ትዝ አለኝ። እዚህ «ዓይን» ማለት እንደኛው ዓይን ነው፤ ግን የውሃ ምንጭም ነው። በመጽሐፍ ቅዱሳችን ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ የተደበቀባት ዓይንጋዲ ስሟ ከዚህ ነው። በልጅነቴ ከኢትዮጵያ መጥቼ ቋንቋ ስማር ሁለቱን መያዝ አቅቶኝ አያቴን ጠየቅኋቸው። «ዓይን ውሃ አያፈልቅም እንዴ?» አሉኝ። እንባ ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ጠፍቶብኝ አያውቅም። እንግሊዝኛ አይችሉም፤ መምህርት ከሚሉት ግን የራቁ አይመስለኝም።

አሥራ አንደኛ ቢ

እኔ ተማሪ ነኝ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ስለምንማር ችግሩ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ብቻ አይደለም። ሒሳብ ላይ «ሶሉሽን» መልስ ነው። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ኬሚስትሪ መጥቶ «ሶሉሽን» ጨው የሟሟበት ውሃ ይሆናል። «ቮሊዩም» ሒሳብ ላይ ይዘት ነው፣ ቴሌቪዥን ላይ ድምፅ ነው፣ ቤተ መጻሕፍት ላይ ቅጽ ነው። አንዱ ጓደኛችን ኬሚስትሪ ፈተና ላይ «ፋይንድ ዘ ቮሊዩም ኦቭ ዘ ሶሉሽን» ሲባል የመልሱ ድምፅ ነው ብሎ ተሳለቀ፤ ግን ጥያቄውንም ስቶታል።

ቲቸር ጽጌ

ጎበዝ፣ ሶሉሽንን ከኛ የተሻለ የሚያውቀው የለም። የላቲኑ ሥር «ፈታ» ነው። እንደኛው! ገመድ ፈታ፣ እስረኛ ፈታ፣ ሕልም ፈታ፣ ሚስቱን ፈታ፣ የሒሳብ ጥያቄ ፈታ። «መፍትሔ» ራሱ «ፈትሐ» ከሚለው ግዕዝ ነው። ጨውም ውሃ ውስጥ ሲገባ እንክብሉ ይፈታል። የሒሳብ መምህርህ ቋጠሮውን ፈታ፣ የኬሚስትሪው ጨውን ፈታ። አንድ ግስ፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ።

ቮሊዩም ጥቅልል ማለት ነበር። ድሮ መጽሐፍ ብራና ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። ጥቅልሉ መጽሐፉ ሆነ፤ ወፍራም ቀጭን ሲባል መጠኑ ሆነ፤ መጠኑ ወደ ዕቃ ይዘት፣ ከዚያ ወደ ድምፅ ተሻገረ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ስትጨምር ጥቅልሉ ሲወፍር ይታይህ።

«ካፒታል»ንም ከጨረስክ በኋላ ጭንቅላትህን ይዘህ አስበው። ሥሩ ራስ ነው። «ርእሰ ከተማ» ስንል ቃል በቃል ይኸው ነው። ትልቁ ፊደል በዓረፍተ ነገሩ ራስ ላይ ይቆማል። ገንዘቡም ከወለዱ ሲለይ «ዋናው» ይባላል።

ስደተኛዋ

እኔ ዱባይ ነኝ፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው። የናንተ ጨዋታ ደስ አሰኝቶኝ እስከዚህ አነበብኩት።

የገባሁ ሰሞን ነው። ማዳም «ዋሽ ዘ ዲሽስ» ብላኝ ወጣች። ዋሽ ማጠብ እንደሆነ አውቃለሁ። ዲሽ ግን እኔ የማውቀው አንድ ነው፤ ጣራ ላይ ያለው የቴሌቪዥኑ። ሀብታም አገር ነው፣ ያንንም ያሳጥባሉ ብዬ ባልዲ ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። በዚያ ፀሐይ ፈትጌ ፈትጌ አበራሁት። ስመለስ ሳህኑ እንዳለ ተከምሯል፤ ቴሌቪዥኑም ሥዕሉ ጠፍቷል። ማዳም መጀመሪያ ጮኸች፣ በኋላ ገብቷት ቁጭ ብላ ሳቀች።

አሁን መምህርት እንዳሉት ሳስበው ጣራ ላይ ያለውም ሳህን ነው እኮ! ቅርፁን እዩት። የጣራ ሳህን። ያን ቀን ይህን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ወገቤ ያርፍ ነበር።

የጉለሌው

እህቴ፣ ድራፍት ላይ የተሰማኝ እፍረት አሁን ለቀቀኝ።

የሜሪላንዷ

አይዞሽ እናቴ። እኔ ምግብ ቤት አስተናጋጅ በነበርኩበት ጊዜ ሰውየው ዛሬ ያለውን «ዲሽ» ሲጠይቀኝ ንጹሕ ሳህን አምጥቼለታለሁ። ምግቡም ዲሽ ነው ለካ።

ኮተቤ ኮደር

መምህርት፣ አሁን ልስማማዎት ነው፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ሥሩን ካርዱ ጀርባ ላይ ልጻፈው፣ ግን ፊቱ ላይ ቃሉን ብቻዬን አላስቀምጥም፤ ዓረፍተ ነገር አስቀምጣለሁ። ለምን መሰልዎ? የጉለሌው ድራፍትን ያጣው ትርጉሙን ስላላወቀ ብቻ አይደለም። «ከበሩ ስር» የሚለው ዓይኑ ስር ነበር፤ ግን ቢራው ቀድሞ ገባበት። ካርዱ ላይ በሩ ከሌለ ነፋሱም አይመጣም።

የዋሸራው

«ዙሪያውን እዩ» ብዬ ነበር። አሁን በካርድ መጣ።

ቲቸር ጽጌ

ተስማምቻለሁ ኮደር። ለጉለሌው ያልነገርኩት አንድ ቃል ቀርቶኛል፤ ከሁሉ የምወደው እሱ ነው። «ኢሹ»። ሥሩ መውጣት ነው። ወደ አማርኛ ስታመጣው ምንም አታጥፍም፣ ምንም አትዘረጋም። የመጽሔቱ እትም ወጣ፤ ኢሹ። ፓስፖርት ወጣልኝ፤ ኢሹ። ጣጣ ወጣ፣ አዲስ ጉዳይ ወጣ፤ ኢሹ። በሕግ ቋንቋ ልጅም ኢሹ ነው፤ ከአብራኩ የወጣ። «ወጣ»ን ያወቀ ኢሹን አውቆታል።

ቀበና 12

አሁን «ሴት» የሚለውን ማን ያስረዳናል? እሱም ትርጉሙ ብዙ ነው ይባላል።

ኮተቤ ኮደር

በእንግሊዝኛ ነው ወይስ በአማርኛ የምትጠይቀው?

ቀበና 12

በሁለቱም ተስፋ ቆርጫለሁ።

የጉለሌው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ሳምንት ሞከርኩት። ሠላሳ ስምንት ቃል በካርድ ሠርቻለሁ። ሥር ያለውን በሥሩ፣ የሌለውን በተረት። «ማች» ሲመጣ ሟቹ ይመጣብኛል፣ አዝናለሁ፣ ግን እመልሳለሁ። የአሮጊቷንም ንባብ ደገምኩት። ሻርፓቸውን የሰበሰቡት በርዷቸው ነው።

አንድ ነገር ግን ላስቸግራችሁ። ጠዋት ስልኬ ላይ በእንግሊዝኛ አጭር መልእክት ገባ። ግማሹ ተቆርጧል፤ የሚታየኝ «ፓስፖርት ኢሹ» የሚለው ብቻ ነው። ወጥቷል ማለት ነው ወይስ ጣጣ አለበት? መምህርት፣ ሥሩ አልረዳኝም። ነገ በጠዋት ሄጄ አጣርቼ እነግራችኋለሁ።